ወላጅ ይዘህ ና

ትምህርት ቤቶች ለአሥራ አምስት ቀን ይዘጉ የተባለው መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከተማው ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ፍለጋ ወጥቷል። ሆዳችንን ሲነፋን ካልሆነ ትዝ የማይለን ፌጦ በአንድ ሌሊት ባለ ማዕረግ ሆኖ አድሯል። በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ስለ ትምህርት የተጨነቀ ወላጅ ቢኖር እኔ አላየሁትም። አሥራ አምስት ቀን ምን አላት! ልጆቹም ይረፉ፣ እኛም ከጠዋቱ የሰርቪስ ሩጫ እንረፍ አልን።

አሥራ አምስቱ ቀን ግን የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ሆነ። ዛሬ ያልቃል ስንል ወደ ሌላ ሳምንት ሲገፋ፣ ከዚያም መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ነገሩ ለየለት። ልጆቹ ቤት ናቸው። እኔም ቤት ነኝ፤ ከቤታችሁ ሆናችሁ ሥሩ ከተባልነው የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ ነኝ። ሥራዬ ያለው ግን መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ቡናማ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉን ደግሞ ከቤት ሥራ ያለው የለም። ባለቤቴ ባንክ ስለምትሠራ በየቀኑ ትወጣለች። ስለዚህ መምህር ሆኜ ተሾምኩ። ሹመቱ የተነገረኝ በር ላይ ነው። በአንድ እጇ ጭምብሏን፣ በሌላው ሳኒታይዘሯን ይዛ፣ «አንተ አለህ አይደል፣ አስተምራቸው» ብላኝ ወጣች። ደመወዝ አልተነሳም።

ተማሪዎቼ ሁለት ናቸው፤ ትልቁ አራተኛ ክፍል፣ ትንሿ ኬጂ ሁለት። ታዛቢም አለብኝ። አማቴ ከደብረ ብርሃን ለዓይን ሕክምና መጥተው ሳለ የአገር አቋራጭ መኪና ቆመና እኛው ጋ ቀሩ። ቦታቸው ሳሎን፣ ሬዲዮዋ አጠገብ ያለችው ሶፋ ናት፤ የእኔ መማሪያ ክፍልም ያው ሳሎኑ ነው። በአማቱ ፊት እንጀራ ለመቁረስ የሚያፍር ሰው በአማቱ ፊት ማካፈል አስተምር ተባለ።

ይህን ስል የአራተኛ ክፍል ትምህርት ከብዶኛል ማለቴ አይደለም። ዲግሪ አለኝ፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል፣ ልጆቹም በየቀኑ ያዩታል። ችግሩ ሌላ ነው። ልጄ እኔን ያውቀኛል። ቁልፌን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ቤቱን ስገለብጥ አይቶኛል። የመብራት ካርድ ሞልቼ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ደጋግሜ ስሳሳት፣ በመጨረሻ እናቱ መጥታ ስታስገባልኝ አይቶኛል። ከአከራያችን ጋር ስለ ውኃ ሒሳብ ስንከራከር ማን እንዳሸነፈም ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጠዋት ተነስቶ «ዛሬ ስለ ሥርዓተ ፀሐይ እንማራለን» ሲል ማን ያምነዋል? ሚስን ግን አያውቃትም። የት እንደምታድር፣ ምን እንደምትበላ፣ ቁልፏን የት እንደምትጥል የሚያውቅ ተማሪ የለም። ስለዚህ ሚስ መሬት ክብ ናት ካለች ክብ ናት። እኔ ስል ግን ገና ይጣራል።

በየቀኑ የምሰማው አንድ ነገር ነበር፦ «ሚስ እንደዚህ አላስተማረችንም።»

አንድ ቀን መቀነስ ላይ ደረስን። 4003 ሲቀነስ 1578። ከ3 ላይ 8 አይነሳም፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ይበደራል አልኩ።

«ጎረቤቱ ዜሮ ነው» አለ ልጄ። «ምን አለውና ያበድረዋል?»

«እሱም ከጎረቤቱ ይበደራል።»

«ጎረቤቱም ዜሮ ነው።»

«እሱ ደግሞ ከ4 ይበደራል።»

ልጄ እርሳሱን አስቀመጠ። «እሺ፣ መቼ ነው የሚመልሱለት?»

ስንት ዓመት ከጎረቤት ቁጥር ስበደር ኖሬ የመመለሱ ነገር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አፌን ይዤ ስቀር ከሶፋው በኩል ድምፅ መጣ።

«ደግ ጠየቀ» አሉ አማቴ። «ያ ባለ አራቱ ሰውዬ ለሁለት ድሃ አበድሮ እሱ በሦስት ቀረ። ለመሆኑ ዋስ አለው?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ ቁጥር ነው።»

«ብር ቁጥር አይደለም እንዴ?»

በብዙ ጭቅጭቅ 2425 ላይ ደረስን። ልጄ መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፈና ከጎኑ በደቃቅ ፊደል «ብድሩ ግን አልተመለሰም» ብሎ ጨመረበት። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለሚስ ላክሁ። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የአውራ ጣት ምልክት መለሰች። ያጸደቀችው መቀነሱን ይሁን ክሱን እስካሁን አልታወቀም።

ትምህርቱን አልቀበልም ያለው ልጅ ትምህርት ቤቱን ግን አንዲት ሳትጎድል ጠየቀ። ደወል ይኑር አለ፤ የብረት ሙቀጫው ደወል ሆነ። ሰልፍ ይኑር አለ፤ ጠዋት ጠዋት ከእህቱ ጋር ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ብሔራዊ መዝሙር ይዘምራሉ። ግቢያችን ተከራይ የበዛበት ስለሆነ ይህ ነገር መዘዝ ነበረው። የኋለኛው ክፍል ተከራይ የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ መዝሙር ሰምተው መቀመጥ አይሆንላቸውም። ፎጣ አገልድመው፣ ግማሽ ፊታቸው በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጩን በእጃቸው እንደ ያዙ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ሲያልቅ «ቀጥል!» ብለው ወደ መላጨታቸው ይመለሳሉ። ቆይቶ ሰልፉ ሲዘገይ እሳቸው መስኮት እያንኳኩ ይቀሰቅሱን ጀመር።

ምሳም በምሳ ዕቃ ካልሆነ ተባለ። ፍርፍሩ ከድስቱ ወጥቶ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይከደናል፣ ምሳ ዕቃው ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ቦርሳው ከወጥ ቤት ሳሎን ድረስ ይጓዛል፣ ከዚያ ደወል ተደውሎ ይከፈታል። በሳህን ሲቀርብለት «ጠገብኩ» የሚል ልጅ ምሳ ዕቃውን ልሶ ይመልሳል። በዚህ ነገር ባለቤቴ ተናዳለች፤ እኔ ግን ብልሃቱን ወድጄው ለራሴም ምሳ ዕቃ አስመጣሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ይህን ሁሉ በአጥር ሲያይ ሰንብቶ ልማር ብሎ መጣ። አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ይከለክል ነበር። እኔ፣ ሁለቱ ልጆች፣ አማቴ፤ ሞልተናል ብዬ አስረዳሁ። ልጄ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረና መፍትሔ አገኘ። «አባዬ፣ አንተ ውጣና እሱ ይግባ።»

በዚህ ሁኔታ ስንከርም አንድ ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀ። ስለ ውኃ ዑደት እየነገርኩት፣ ውኃው ተንኖ ደመና ላይ ደርሶ፣ ልዘንብ ሲል ልጁ የለም። ጠረጴዛው ሥር ገብቶ የእህቱን የጫማ ክር ከወንበሩ እግር ጋር ያስራል። ጮህኩ። ከአፌ የወጣውም የራሴ መምህራን በልጅነቴ ሲሉኝ የነበረው ነው።

«ተነስ! ውጣ! ወላጅ ሳትይዝ እዚህ ክፍል እንዳትገባ!»

ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ወጥቶ ትንሽ አሰበ። ደብተሩን ዘጋ፣ ቦርሳውን አነገተ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እህቱ ልትከተለው ተነስታ ከነወንበሩ ወደቀች። እሷን ስፈታና ሳባብል ቆይቼ ቀና ስል ሶፋው ባዶ ነው።

በሩ ተንኳኳ። የራሴ የሳሎን በር።

«ይግቡ» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

አማቴ ገቡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል፤ ጭምብላቸውንም አድርገዋል፣ ከማያውቁት ሰው ጋር ነዋ የሚገናኙት። ልጄ ከኋላቸው፣ የነጠላውን ጥለት ይዞ ቆሟል። አማቴ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ካገባሁ ጀምሮ ያልታየ ነገር ነው።

«እንደምን አደሩ፣ መምህር» አሉ። «ተጠርቼ ነው። የዚህ ልጅ አሳዳጊ ነኝ።»

ወንበር ሳብኩላቸው። ምን ላድርግ? በሁለት ሜትር ርቀት ተቀመጡ፤ ርቀቱን በዓይናቸው ለክተው ነው።

«ልጁ ምን አጥፍቶ ይሆን?»

ከጀመርነው አይቀር ብዬ ክሱን ዘረዘርኩ። የቤት ሥራ አይሠራም። በየደቂቃው ሽንት ቤት ያስፈቅዳል፣ ሲወጣም የሚገኘው ፍሪጅ አጠገብ ነው። እህቱን ከወንበር ጋር አስሯል። መምህሩን ይንቃል።

አማቴ ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይገርማል። ቤት ውስጥ እኮ እንዲህ አይደለም።»

«እማማ፣ ይሄ ቤት እኮ ነው።»

«እኛ ጋ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ፣ እንዳልሰማ አልፈውኝ። «ተቆጥተነውም አናውቅ። ምናልባት አስተማሪው ይጮህበት ይሆን?»

ነገሩ ወደ እኔ መዞሩ ገባኝ። የመምህር ወግ አይቅርብኝ ብዬ ቀና አልኩ። «ለዚህ ጉዳይ አባቱ ቢመጡ ይሻል ነበር።»

«ኧረ አባቱስ!» አሉ አማቴ፣ በረጅሙ ተንፍሰው። «አባቱ ቤት ይውላል እንጂ ቤት የለም። ቀኑን ሙሉ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ነው። እሱ ቢመጣም ስልኩን ይዞ ነው የሚመጣው።»

ከነጠላው ኋላ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አማቴ ፊታቸውን አላዞሩም። «ሁለተኛ እንዳይለምደው እመክረዋለሁ» ብለው ተነሱ። «እርስዎም ይታገሡት። የሰው ልጅ ነው።» እንደገና እጅ ነስተው ወጡ፤ ደጅ ላይ ጭምብላቸውን አወለቁና ተመልሰው ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። «ቡና አይፈላም እንዴ ዛሬ?» አሉኝ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያላየሁዋቸው ሆነው።

ያን ሳምንት ልጄ ተማሪ ሆነ። እጁን እያወጣ ጠየቀ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ አሳየኝ፣ አንዴ እንዲያውም ተሳስቶ «ቲቸር» አለኝ። ምክሩ ሠርቶ ነው እንዳልል ምን እንደ መከሩት አውቃለሁ፤ «እሱን ተወው፣ ይለፍለት» ነበር ያሉት። የሠራው ሌላ ነው። ለዚያች ለግማሽ ሰዓት አያቱ እጅ የሚነሱት፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ሆኜ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ቁልፌ ጠፋ፤ ማዕረጌም አብሮ።

የትንሿ ትምህርት ደግሞ በሌላ በኩል ይከብዳል። ኬጂ ሁለት በቴሌግራም ምን ይማራል ትሉ ይሆናል። ይለጥፋል። የእሷ ሚስ የቢራቢሮ ሥዕል ትልክና በምስር ሞልታችሁ፣ በማስቲሽ ለጥፋችሁ ፎቶ ላኩ ትላለች። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ ምስር ማለት ምሳም ራትም ነው። አማቴ ከጣሳው አንድ እፍኝ ሲዘገን አዩ፣ ዝም አሉ። ክንፉ ላይ ሲደረደር አዩ፣ ዝም አሉ። ማስቲሹ ሲመጣ ግን አላስቻላቸውም። «እህል እኮ ነው!» ብለው ደርሰው ገና ያልተለጠፈውን ምስር በመዳፋቸው ጠራርገው ወደ ጣሳው መለሱት። ፎቶው እንዳለ ተላከ። ሚስም፣ «ጎበዝ የኔ ቆንጆ! የግራው ክንፍ ግን ቀረ» ብላ መለሰች። የግራው ክንፍ ማታ ተበልቷል።

ማታ ማታ የወላጆች ግሩፕ ይነቃል። «ሚስ፣ ገጽ 47 አልገባንም» የሚል አባት አለ፤ ልጁ ከተኛ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፣ ያልገባው ለእሱ ነው። ሌላው በድምፅ መልእክት ሲጠይቅ ከኋላው ልጁ «አባዬ፣ እሱን አይደለም ያለችው» ሲል ይሰማል። አንዷ እናት ፓኬጅ ስላለቀባት የሳምንቱን የቤት ሥራ በአንድ ሌሊት ትልካለች፤ የሁላችንም ስልክ እስኪነጋ ይጮኻል። ነገር ግን ግሩፑ እውነት የሚሞቀው ስለ ክፍያ ሲነሳ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያቸው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ወስኖ ነበር። ልጄን መቶኛ ለማስረዳት ስንት ብርቱካን የቆረጥኩት ሰውዬ፣ ግሩፑ ውስጥ መቶኛ የማይችል አንድም ወላጅ እንደሌለ ያየሁት ያኔ ነው። ሁሉም በራሱ ያሰላል፤ መልሱም ለሁሉም 50 ነው።

ባልተማሩበት ምን ብለን እንከፍላለን የሚለው ክርክር መጋቢት ላይ ለእኔም ልክ ይመስለኝ ነበር። ግንቦት ላይ ድምፄን አጠፋሁ። ሁለት ልጅ ይዤ እስከ ምሳ ሰዓት የማልደርስ ሰው፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆም ወጣት ግማሽ ደመወዝ ይብቃት ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። ደግሞስ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ አውራ ጣት የሚልክ የመንግሥት ሠራተኛ ማን አይቷል? እኔ ራሴ ነኝ የምለው።

ልጄ ሳይጨቀጨቅ ሒሳብ ሲሠራ ያየሁት አንድ ቦታ ነው። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡት ሪፖርት ነበር፤ ይህን ያህል ሰው ተመረመረ፣ ይህን ያህሉ ቫይረሱ ተገኘበት፣ ይህን ያህሉ አገገመ። ልጄ ይህችን በደብተሩ ይመዘግባል፤ ከዛሬው የትናንቱን ይቀንሳል፤ ሲያስፈልግ ይበደራል፤ ብድሩ መቼ ይመለሳል አይልም። ሪፖርቱን ያቀረብኩት እኔ ብሆን ኖሮ ምርመራው እንደገና ይደረግ ነበር።

ይህ ሁሉ እንግዲህ የከተማ ሰው ሐሜት ነው። በዚያ ጊዜ በአገሩ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ውሏል፤ የብዙው ቤት ቴሌግራም ቀርቶ መብራት አልነበረውም። አማቴ በስልክ የገጠር ዘመዶቻቸውን «ልጆቹሳ?» እያሉ ሲጠይቁ እሰማለሁ። ስለ ወንዶቹ መልሱ ቶሎ ይመጣል፤ ከብት ጋር ናቸው። ስለ ልጃገረዶቹ ሲጠይቁ መልሱ ይዘገያል። አማቴም ያን ቀን ሬዲዮ አይከፍቱም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ልጅ ከሚያውቀው ሰው አይማርም የሚለው ሐሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ አባቶቻችን ደህና አድርገው ያውቁታል። የቆሎ ተማሪው ቅኔ ሲያምረው ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል፤ ድጓ ሲያምረው ወደ ቤተልሔም፤ ዝማሬ መዋሥዕት ሲል ወደ ዙር አባ። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው የሚማረው። ለምን ይሆን ይህ ሁሉ መንገድ? አጥቢያው ደብር ውስጥ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ብቻ አይመስለኝም። እናቱ ጓዳ ሆኖ፣ «ልጄ ደከመው፣ ይረፍ» የሚል ድምፅ እየሰማ ጉባኤ ቃና እንደማይወጣለት ስላወቁ ነው። የኔታስ ቢሆኑ ምናቸው ይታወቃል? የሚጠፋ ቁልፍ እንኳ የላቸውም።

ይህን ንድፈ ሐሳቤን ያረጋገጡልኝ ደግሞ አማቴ ናቸው።

አማቴ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትዳር ይዘዋል፣ ልጅ ታቅፈዋል፤ በኩራዝ ነው የተማሩት። አስተማሪያቸው ከሌላ አገር የመጣ፣ ጺሙ ገና ያልበቀለ፣ አባቱን ማንም የማያውቀው ዘማች ነበር። «ሲቆጣ ያስፈራ ነበር» ይላሉ እስከ ዛሬ፣ ልጅ እያለ ያዩትን ልጅ። የምስክር ወረቀታቸውን ከመታወቂያቸው ጋር በፌስታል ጠቅልለው ይይዙታል፤ ለሐኪም ሲመጡም ይዘውት መጥተዋል።

የከተማው ትምህርት ቢሮ በኤፍ ኤም 94.7 ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርት ያስተላልፍ ነበር። የአራተኛ ክፍል ሰዓት ሲደርስ ልጄን ሬዲዮዋ ፊት አስቀምጠዋለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽንት ቤት ያስፈቅዳል። ሬዲዮው ምን ያድርግ፣ ይፈቅዳል። የሚቀሩት አማቴ ናቸው። በመጀመሪያ ልጁ እስኪመለስ ቦታ የሚጠብቁለት መስሎኝ ነበር። ቆይቶ እጃቸው ላይ እርሳስ አየሁ። ከዚያ ከሶፋው ትራስ ሥር ደብተር አየሁ፤ የመሥሪያ ቤቴ ማስታወሻ ደብተር ነው። የሬዲዮው መምህር «እስቲ መልሱን እናንተ ሞክሩት» ብሎ ትንሽ ዝም ሲል ጮክ ብለው ይመልሳሉ። «በጣም ጥሩ!» ሲል «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። ሲሳሳቱም «በጣም ጥሩ!» ይላቸዋል፤ ያኔም ያመሰግናሉ። ሳሎን ውስጥ ካለፍኩ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ ያደርጋሉ። ቡና እንኳ የሬዲዮው ትምህርት ካላለቀ አይፈላም።

አንድ ቀን የሬዲዮው መምህር መቀነስ ላይ ደረሰ። የምሠራውን ትቼ በር ላይ ቆምኩ። መምህሩ ዜሮ ላይ ሲደርስ ከጎረቤት ይበደራል አለ። አማቴ ጻፉ። ጎረቤቱም ዜሮ ነው፣ እሱም ይበደራል አለ። ጻፉ።

«እማማ» አልኩ፣ አላስችል ብሎኝ። «ዋሱስ?»

ቀና ብለው በዓይናቸው ገላመጡኝ። «መምህሩ ካለ አለ ነው።»

ሰኔ መጨረሻ ላይ አገሩ በሐዘንና በሁከት ተናጠ፤ ኢንተርኔትም ሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ። ቴሌግራሙ ዝም አለ፣ ሚስም ዝም አለች። የትምህርት ዓመቱ ያለ ፈተናና ያለ ወላጆች በዓል አለቀ። ኋላ፣ ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል የሚል ዜና በቴሌቪዥን ተነገረ። ልጄ «አለፍኩ!» እያለ ግቢውን ዞረው፤ የኋለኛው ቤት ወታደር ወጥተው ሰላምታ ሰጡት። አማቴ ዜናው እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔስ?»

«ምን እማማ?»

«እኔስ አልፌያለሁ ወይ? እሱማ ሽንት ቤት ነበር።»

«አልፈዋል እንጂ» አልኩ።

«አንተ ስትል አይሆንም» አሉ። «ይጠየቅልኝ።»

ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየተራ ተከፈቱ። ልጄ ጭምብሉን አድርጎ፣ በፈረቃ፣ ለብቻው ዴስክ ላይ ሊቀመጥ ሄደ። አማቴም መንገዱ ተከፍቶላቸው ዓይናቸውን ታክመው ደብረ ብርሃን ገብተዋል። ሲሄዱ በፌስታላቸው ውስጥ የእኔን ማስታወሻ ደብተርና የልጄን የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ይዘው ነው።

ብዙም ሳይቆዩ ደወሉ። የከብቱን፣ የዝናቡን፣ የልጆቹን ነገር አዳርሰን ስናበቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የአምስተኛ ክፍል ትምህርት በስንት ሰዓት እንደሚተላለፍ ነው የሚፈልጉት፤ ያ ጣቢያ ደግሞ እሳቸው ሰፈር አልይዝ ብሏቸዋል።

«ምን ችግር አለ እማማ» አልኩ። «በየማታው ደውዬ እኔ አስተምርዎታለሁ።»

ስልኩ ውስጥ ለትንሽ ጊዜ የዶሮ ጩኸት ብቻ ተሰማ።

«አይ፣ አንተማ ዘመዴ ነህ» አሉ። «ግዴለህም፣ የማላውቀው ሰው ፈልግልኝ።»